የተውሶ ፋሲካ

በልጅነቴ አሰበ ተፈሪ ላይ ሹም ሲመጣ ከሰውየው ቀድሞ የሚደርሰው ወሬው ነበር። ገና አዋሽን ሳይሻገር ምን እንደሚበላ፣ ምን እንደሚጠላ፣ ሚስቱን ለምን እንዳላመጣ እኛ ሰፈር አብጠርጥረው ያውቁታል። የአቶ አምባው ወሬ የደረሰው በዐቢይ ጾም አጋማሽ ላይ ነው። «ሰውየው ያለ ጠረጴዛ እህል አይቀምስም» ተባለ። ለእናቴ ከዚህ የከፋ ወሬ ሊመጣ አይችልም፤ ቤታችን ጠረጴዛ አልነበረማ።

እናቴ ወይዘሮ ወሰንየለሽ፣ የአንድ ጸሐፊ ሚስት ሆና የአንድ ደጃዝማች ሚስት ኩራት የነበራት ሴት ናት። ጸሐፊው አባቴ አቶ ጎበዜ ነው፤ አቶ አምባው በተሾሙበት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ይሠራ ነበር። የቀድሞው አለቃ ከመሶብ የሚበሉ፣ አንድ ሙክት ሲያዩ ልባቸው የሚራራ ደግ ሰው ነበሩ። አዲሱ ግን በመጡ በሳምንቱ ሠራተኛውን ሰብስበው፣ «ከመካከላችሁ አንድ ሰው ቦርደዴ ላለው ቅርንጫፍ እመድባለሁ፤ ማን እንደሚሄድ ከፋሲካ በኋላ አስታውቃለሁ» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ሰላምታ የሚሰጣጡት እንደ ለቀስተኛ ነበር።

እኔ ግን ቦርደዴን አውቃታለሁ ባይ ነበርኩ። ባለሱቁ መስዑድ ነግሮኛል። ቦርደዴ ግመሎች በሰው ደጅ እየተንጎራደዱ ያልፋሉ፤ ብርድ የሚባል ነገር የለም፤ ልጆች ቀኑን ሙሉ ያለ ጫማ ሲሮጡ ይውላሉ። እናም እናትና አባቴ ማታ ማታ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ቦርደዴ… ቦርደዴ…» ሲሉ ስሰማ፣ አለቃውን ለፋሲካ ምሳ የሚጠሩት እዚያ እንዲልኩን ለመለመን መሰለኝ። ስለዚህ እኔም በበኩሌ ቤተ ክርስቲያን በሄድን ቁጥር አጥብቄ ጸለይኩ።

ከእኔ በፊት ወንድም እንደነበረኝ የሰማሁት ራሴ ወልጄ ከታቀፍኩ በኋላ ነው። አባቴ ቆላ ተመድቦ ሳለ ልጁን ወባ ወሰደው። ያን ፋሲካ ደግሞ ትንሹ ወንድሜ ታደሰ ገና ጡት አልጣለም ነበር። እናቴ ለዚያ ጠረጴዛ እንደዚያ የተሯሯጠችው አለቃ ለማስደሰት ብቻ አይደለም፤ ቦርደዴም ያው ወባ ያለባት ቆላ ናትና፣ ሁለተኛ ልጅ ቆላ ላለመቅበር ነው።

በገንዘብ የሚሆን ነገር ስላልነበረ በጉርብትና እንዲሆን ተወሰነ። ጠረጴዛው ከአቶ ብሩ ጠጅ ቤት መጣ፤ አንደኛው እግሩ አጭር ስለሆነ ከሥሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ ገባለት። ወንበሮቹም ከዚያው መጡ፤ አራቱም የተለያዩ ስለነበሩ እናቴ አንድ ዓይነት ነጠላ አልብሳ እህትማማች አስመሰለቻቸው። የመምህሩ ሚስት ሳህሊቱ ለሠርጓ በእጇ የጠለፈችውን የአልጋ ልብስ በጠረጴዛ ልብስነት አዋሰች፤ ነገር ግን «ልብሱ ካለ እኔም አለሁ» ብላ ራሷን ጋበዘች። መስዑድ ከሱቁ መደርደሪያ ትልቁን ሬዲዮ አውርዶ ላከልን። ባትሪ የሚባል ነገር ውስጡ አልነበረም። እናቴ የዳንቴል ሻሽ ደረበችበትና፣ «ሬዲዮ ዋናው መኖሩ ነው፤ መናገሩ ትርፍ ነው» አለች።

የእኔ ድርሻ አበባ ነበር። ከብሩ ጠጅ ቤት ደጅ የሲጋራ ፓኮ ለቅሜ አመጣለሁ፤ እናቴ ብልጭልጩን ወረቀት ትልጥና፣ ከሻይ ቅጠል መጠቅለያ ጋር እያጣመረች፣ በመጥረጊያ ሰበዝ ላይ ጽጌረዳ ትሠራበታለች። ያን ያህል አበባ ከሲጋራ የሚገኝ ከሆነ ሰዎች ማጨስ ያለባቸው መሰለኝ። ከወንዝ ዳር የመጣው ቄጤማ ተጎዘጎዘ፤ ከሂርና የመጡ ብርቱካኖች በጨርቅ ተወልውለው አበሩ። ቤቱ ሲያልቅ እናቴ እጄን ይዛ መሀል ላይ አቆመችኝ።

«ሙሉዬ፣ እስከ እሁድ ማታ ይሄ ሁሉ የእኛ ነው። ገባሽ?»

ገባኝ። ክርስቶስ ሲነሣ ዕቃም አብሮ ለድሃ ይሰጣል ማለት ነው ብዬ ተረዳሁ።

ሆኖም እናቴ አልረካችም። «መሀሉ ባዶ ነው» ትላለች ደጋግማ። መሀሉን የሚሞላው ነገር ያለው ሞሚና ቤት ነበር። ጎረቤታችን ሞሚና ጫት ነጋዴ ናት፤ ቤቷ ስትገባ ግድግዳው አይታይም፣ ሳህን ነው የሚታየው። ከሁሉም የሚያምሩት ከላይ የተሰቀሉት ሦስቱ ናቸው። እናቷ ስትዳር የሰጠቻት ናቸው፤ ዳር ዳራቸው ወርቃማ፣ መሀላቸው ላይ ጽጌረዳ የያዘች ወፍ አለች። እናቴ ቀና ብላ አየቻቸውና ምራቋን ዋጠች። ሞሚና ሳትጠየቅ ገባት።

«ያ ወሰኔ፣ ውሰጂ። ዳቦ አድርጊበት፣ ብርቱካን አድርጊበት። የናንተ ሥጋ ግን ከነካው በቃ፣ እኔ ቤት አይመለስም። አውቀሻል?»

«አጣሁት እንዴ ሞሚና! በትንሣኤው እምላለሁ፣ የወጥ ጠብታ አይደርስበትም።»

«እሺ፤ ሃ ተኡ፣ ይሁን።»

አገሩ እንዲህ ነው። ክርስቲያኑና እስላሙ ልጅ አብሮ ያሳድጋል፣ ለቅሶ አብሮ ይቀመጣል፣ ሠርግ አብሮ ይደግሳል፤ ሥጋ ላይ ሲደርስ ግን ሁሉም በየቢላዋው ነው። ድስቱና ሳህኑም እንደ ባለቤቱ ነው። እኔ ይህን ሁሉ አላውቅም። ያን ሁሉ ቃል ኪዳን ስሰማ ሳህኖቹ ገና ጾም ያልፈቱ መሰለኝ፤ ሲያምሩም የእመቤታችንን ሥዕል ይመስሉ ስለነበር፣ መጾማቸው አልገረመኝም።

እሁድ ምሳ ሰዓት አቶ አምባው መጡ። ቀጭን፣ ክራቫታቸው አንገታቸውን ያነቀ ሰው ናቸው። «እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሳችሁ» ብለው ሲገቡ ደፍ ላይ ቆም አሉ። ዓይናቸው ከሬዲዮው ወደ ጥልፉ፣ ከጥልፉ ወደ ብልጭልጩ አበባ፣ ከአበባው ወደ ሦስቱ ሳህኖች ሄደ። ከንፈራቸው ድምፅ ሳያወጣ ይንቀሳቀስ ነበር። የሚጸልዩ መሰለኝና እኔም አማተብኩ።

ዛሬ ሳስበው ዋጋ ሲደምሩ ነበር።

ተቀመጡ። እናቴ ዶሮ ወጡን ይዛ እስክትመጣ አለቃው ወሬ ፈለጉና ወደ ሬዲዮው ጠቆሙ።

«አቶ ጎበዜ፣ እስቲ ዜና እንስማበት።»

አባቴ ውሸት አይችልም። ፊቱ ቀላ፤ ከዚያ እግዜር አንድ ሐሳብ ጣለለት።

«በትንሣኤ ዕለት አንከፍተውም ጌታዬ። የክርስቶስ መነሣት ይበቃናል፤ ሌላ ዜና ምን ያደርግልናል?»

አቶ አምባው አንገታቸውን ነቀነቁ። ሳህሊቱ በበኩሏ ከጥልፏ ላይ ዓይኗን አላነሳችም። እንግዳው ክርናቸውን ሲያሳርፉ ትደነግጣለች፣ ብርጭቆ ሲያነሱ ትደነግጣለች። አንድ ጉርሻ እንኳ ሳትቀምስ ያን ሁሉ ጾም በድንጋጤ ፈታችው።

ዶሮ ወጡ መጣ። እናቴ ለእንግዳው ያቀረበችው የእኛኑ ሳህን ነበር፤ ዳሩ እዚህም እዚያም የተላጠ ቆርቆሮ። አቶ አምባው እሱን አዩ፣ መሀል ላይ ብርቱካን የተሸከመውን የሞሚናን ሳህን አዩ። ክብራቸው ተነካ መሰለኝ። ብርቱካኖቹን አንድ በአንድ ጥልፉ ላይ አወረዱና፣ ወርቃማውን ሳህን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ወጡ ዘረጉ።

«በዚህኛው ይሁንልኝ ወይዘሮ ወሰንየለሽ።»

እናቴ ጭልፋውን እንደያዘች ደረቀች። የዶሮው ብልት ጭልፋው ላይ አለ፤ መረቁ ሊንጠባጠብ ነው። አባቴን አየች፤ አባቴ ጣሪያውን አየ። ከዚያ እናቴ ጭልፋውን ድስቱ ውስጥ ጥላ፣ ሳህኑን ከአለቃው እጅ ቀማችና ደረቷ ላይ ለጠፈችው።

የአቶ አምባው ሁለት እጆች ጸሎት እንደሚያደርስ ቄስ አየር ላይ ተዘርግተው ቀሩ።

«ይቅርታ ጌታዬ፣ ይሄ… ይሄ ለዓይን ነው። አይበላበትም።»

«ለዓይን?» አሉ አቶ አምባው ቀስ ብለው። «ለዓይን ብቻ የሚሆን ሳህን ትገዛላችሁ?»

«የተውሶ ነው» ብትል በቃ፣ ነገሩ ያልቃል። ግን ያን ሁሉ የደከመችው ያን ቃል ላለመናገር ነበር፤ እናም «አዎ ጌታዬ» አለች። እኔ ደግሞ ልቤ በደስታ ሞላ፤ ሳህኑ ጾሙን ሳይፈታ ዳነ። ከድስቱ የተፈናጠረው መረቅ ግን የሳህሊቱ ጥልፍ ላይ አርፎ፣ ሳህሊቱ «ወይኔ!» ብላ ጮኸች። አለቃው ሦስት ጊዜ ጎርሰው «ጠገብኩ» አሉና ተነሱ። ሆዳቸው ትንሽ የሆነ ሰው ናቸው አልኩ በልቤ።

ከሰዓት በኋላ እናቴ ድፎ ዳቦ አስይዛ ወደ አቶ ገብሬ ቤት ላከችኝ። ገብሬ የአባቴ ባልደረባ ነው፤ ከእሱ ዘንድ ባዶ እጁን መጥቶ ጉዳዩ የተፈጸመለት አንድም ባለጉዳይ በከተማው አልነበረም። በአማቱ ስም ያቆማቸው ሁለት ቆርቆሮ ቤቶች አሉት። ስገባ ግን ሳሎናቸው ኦና ነው። ሶፋው የለም፣ ምንጣፉ የለም፣ ቁም ሳጥኑ የለም፤ አንድ ያረጀ ሰሌን መሬት ላይ ተነጥፏል። በጓዳው በር ስንጥቅ ሳይ ዕቃው ሁሉ አንዱ በአንዱ ላይ ተቆልሎ ተቆልፎበታል። ሌባ ሊዘርፋቸው ጠቅልሎ የጨረሰ መሰለኝና አዘንኩላቸው። እቤት መጥቼ «አቶ ገብሬ ደኽይተዋል» ስላት እናቴ አልሰማችኝም፤ የሳህሊቱን ጥልፍ እያጠበች ነበር።

ያን ማታ አለቃው የገብሬ እንግዳ ነበሩ። ያለ ጠረጴዛ እህል አይቀምሱም የተባሉት ሰው ሰሌን ላይ ተቀምጠው፣ ከሸክላ ጻሕል የምስር ወጥና አንድ እንቁላል ለሁለት በሉ። ወጥተውም፣ «እንዲህ ነው ንጹሕ የመንግሥት ሠራተኛ!» አሉ ተባለ።

ሰኞ አባቴ ከሥራ በጠዋቱ ተመልሶ መጣ። ማክሰኞ ጭራሽ አልሄደም። አለቃው ምሳችንን ስለወደዱት በዓል የጨመሩለት መሰለኝ። እሱ ግን መደብ ላይ ተቀምጦ ግድግዳ ያያል።

«ደሞዝህን አውቀዋለሁ አሉኝ» አለ በመጨረሻ። «በዚያ ደሞዝ ሬዲዮ፣ በዚያ ደሞዝ ጥልፍ፣ ለዓይን ብቻ የሚገዛ ሳህን! ከባለጉዳይ ካልበላህ ከየት አመጣኸው አሉኝ። ቦርደዴ በቅጣት ነው የምትሄደው፤ ከዚያም ይጣራል አሉኝ።»

«ታዲያ የተውሶ ነው አትላቸውም?»

«ገበናዬን አደባባይ ላውጣ?» አባቴ ተቆጣ። «ሌባ የተባለ ሹም አገሩን ሞልቶታል፤ ሁሉም እንደተከበረ ነው። ለማኝ የተባለ ሹም ግን አይተሽ ታውቂያለሽ?»

እናቴ ታደሰን አጠባች፣ አስተኛችው፣ እንደገና አቀፈችው።

«ጎበዜ፣ ከባልነትህ ይልቅ ንጹሕ እጅህን ነው የወደድኩት» አለችው። «እሱን ሌባ ሲሉት አልቀመጥም።»

ረቡዕ ጠዋት በሕይወቴ ካየሁት ሰልፍ ሁሉ የሚያምረው ሰልፍ ከቤታችን ደጅ ተነሣ። እናቴ ታደሰን አዝላ ከፊት ትሄዳለች። ከኋላዋ ብሩ ጠረጴዛውን በራሱ ላይ ገልብጦ ተሸክሟል፤ አራቱ እግሮች ወደ ሰማይ ቆመዋል። ቀጥሎ ሳህሊቱ ጥልፏን እንደ ታቦት ልብስ በሁለት ክንዷ ዘርግታ፣ መስዑድ ሬዲዮውን አቅፎ፣ ሞሚና ሦስቱን ሳህኖች ከነወፎቻቸው ደረቷ ላይ ደርድራ ይከተላሉ። የብሩ አሳላፊዎች ወንበር ወንበራቸውን ይዘዋል። የገበያው ሰው «ምንድን ነው?» እያለ ከኋላ ተቀላቀለ። ለአባቴ ስጦታ ሊያስገቡለት ወደ መሥሪያ ቤቱ የሚሄዱ መሰለኝ። ደስታዬን መያዝ አቃተኝና እልል አልኩ።

እናቴ ዞር አላለችም። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ድረስ ስባው ነበር። እንዲያ ስትሄድ ከሠርጓ ቀን ወዲህ አይቻት አላውቅም የምትል አንዲት አሮጊት፣ «ምስኪን፣ ምነው መሬት ተሰንጥቃ በዋጠቻት» ስትል ሰማኋት። ለምን እንደሆነ የገባኝ ትልቅ ሰው ሆኜ፣ የራሴን ገበና ስሸፍን ነው።

አቶ አምባው ጫጫታ ሰምተው በረንዳ ላይ ወጡ። ሠራተኞቹም ወጡ፤ አቶ ገብሬ በክርኑ በኩል የተጣፈ ኮት ለብሶ መሀላቸው ቆሟል። ማለዳ ከቤት ወጥቶ የነበረው አባቴም ወሬውን ሰምቶ እየሮጠ ደረሰና፣ ጥግ ላይ አንገቱን ደፍቶ ቆመ።

«ጌታዬ» አለች እናቴ፣ ድምፅዋ እየተንቀጠቀጠ፤ «ባለቤቴ ሌባ አይደለም። ድሃ ነው። እሁድ ያዩት ሁሉ የተውሶ ነው። ባለቤቶቹ ይኸው።»

ብሩ ጠረጴዛውን ግቢው መሀል አቆመና ለቀቀው። ጠረጴዛው ወደ አጭሩ እግሩ ዘመም አለ። «ሃያ ሰካራም ይመሰክርልኛል፤ የእኔ ናት» አለ። ሳህሊቱ ጥልፏን ዘረጋች፤ «ይቺ ደግሞ የበሉት ዶሮ ምስክር ናት» ብላ የበርበሬውን ነጠብጣብ አሳየች። መስዑድ የሬዲዮውን ጀርባ ከፍቶ ባዶውን ሆዱን ወደ ሕዝቡ አዞረ። «ጌታው፣ እንኳን በትንሣኤ ለረመዳንም አይናገር» አለ። ሰው ሳቀ።

ሞሚና ግን አልሳቀችም። ሳህኖቹን ታቅፋ እስከ በረንዳው ደረጃ ሄደች።

«አንተ ጌታው! ሳህኑ የኔ ነው። እናቴ ሰጠኝ። ወሰኔ ማለ፣ ሥጋ አይነካም ብሎ ማለ። አንተ ሥጋ ልታደርግበት ነው፤ እሷ ቀማህ። አለቃ እያየ፣ ለጎረቤት መሐላ የፈራ ሰው፣ እሱ ቤት ሌባ ይኖራል? ወላሂ፣ አንተ ሰው አታውቅም!»

አለቃውን «አንተ» ያላቸው ሰው በዚያ ከተማ ከሞሚና በፊትም በኋላም አልተሰማም። አቶ አምባው ክራቫታቸውን ነካ ነካ አደረጉ። ሕዝቡን አዩ፣ ጠረጴዛውን አዩ፣ ሳህኑን ለረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ጥሩ። የአቶ ጎበዜ ንጽሕና በሕዝብ ፊት ተረጋግጧል» አሉ። «እኔም ተሳስቼ ነበር። ቦርደዴ ደግሞ የሚያስፈልጋት እንዲህ ያለ ንጹሕ ሰው ነው። በቅጣት ልልካቸው ነበር፤ አሁን በክብር እልካቸዋለሁ።»

እኔ ብድግ ብዬ ጨፈርኩ፤ ጸሎቴ ተሰማ! ከእኔ በቀር ግን አንድም ሰው አልተንቀሳቀሰም። እናቴ ታደሰን ከጀርባዋ ወደ ፊት አዞረችና አቀፈችው። ነጠላዋን ከዓይኗ ላይ ያን ጊዜ ነው የገለጠችው።

«ሌባ ከሆነ ቦርደዴ። ንጹሕም ከሆነ ቦርደዴ» አለች። ድምፅዋ አሁን አይንቀጠቀጥም። «እንግዲያው ጌታዬ፣ አሰበ ተፈሪ የሚቀረው ምን ዓይነት ሰው ነው?»

እንቆቅልሽ መሰለኝ። መልሱን ለማወቅ ዞር ዞር ብዬ ሰዉን ሳይ፣ ብሩም፣ ሳህሊቱም፣ መስዑድም፣ ግቢው ሙሉ ሰው አንድ አቅጣጫ ያያል፤ አቶ ገብሬን። መልሱን የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው ማለት ነው ብዬ እኔም በጉጉት አየኋቸው። ገብሬ የኮቱን እራፊ በእጁ ሸፈነ። መጀመሪያ የሳቀችው ሞሚና ናት፤ ከዚያ ግቢው በሳቅ ተናጋ። አቶ አምባው ወደ ቢሯቸው ገብተው በሩን ዘጉ።

ውሳኔው ግን በሳቅ አልተቀየረም። ገብሬ ቀረ፤ እኛ ተነሣን። ታደሰ ቦርደዴ ላይ ሁለት ጊዜ ወባ ያዘው፤ ሁለቱንም ጊዜ እናቴ ከሞት አፍ ነጠቀችው፤ ዛሬ የልጅ ልጅ አይቷል። ያኔ ግን ይህን የሚያውቅ አልነበረም። አባቴ ከዚያ ረቡዕ ጀምሮ እናቴን አንድ ቃል አላናገራትም። ተጣልተዋል ብዬ ፈርቼ ነበር። ሰውየው ግን ምን ብሎ እንደሚያናግራት ነበር የጠፋው።

የጭነት መኪናው በመጣበት ጠዋት ጓዛችን ተጫነ፤ ብዙም አልነበረም። የዚያን ጊዜ ሥርዓት የታወቀ ነው፤ ጋቢና ከሾፌሩ ጎን ሹሙ ይቀመጣል፣ ሚስትና ልጅ ጭነቱ ላይ ይወጣሉ። እናቴም ታደሰን አዝላ ወደ ኋላ ሄደችና የመኪናውን ብረት ጨበጠች። አባቴ ክንዷን ያዘና መለሳት። የጋቢናውን በር ከፈተ፤ አስገባት፤ እኔንም አጠገቧ አስቀመጠኝ። ከዚያ ኮቱን አውልቆ ወደ ጭነቱ መንጠላጠል ጀመረ።

«ኧረ አቶ ጎበዜ!» አለ ሾፌሩ ደንግጦ፣ «ጋቢናው እኮ የሹም ነው!»

«አውቃለሁ» አለ አባቴ ከላይ ሆኖ። «ሹሟ እሷ ናት።»

እናቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና እስከ ሚኤሶ አለቀሰች። እኔ ደግሞ ቦርደዴ እንደደረስን ለሰፈሩ ልጆች ሁሉ እናቴ የከተማው ሹም ሆና እንደተሾመች አወራሁ፤ አባቴ ሲሰማኝም አላረመኝም። ያን ዓመት ያየሁትን ሁሉ አጣምሜ ነበር የተረዳሁት። ይህችን አንዷን ግን አልተሳሳትኩም።